ለእህት አይነገርም

ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ይራመድ ነበር። ይህን ለማንም ማስረዳት አቃተኝ። ሰው የሚያየው አሁን ያለበትን ነው፤ እግሩን ሲጎትት፣ ሲጠየቅ ዘግይቶ ሲመልስ፣ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ። መኪና የገጨው፣ ጭንቅላቱ ተከፍቶ የተሠራ ሰው ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ ይሉኛል። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ሆስፒታል እያለ ከአልጋው ተነስቶ በእግሩ እስከ ሊፍቱ ሸኝቶኛል። ይቺ ልጅ ዶሃ መጥታም ድምፅ አላወጣችም እያለ ነርሶቹ ፊት ቀልዶብኛል። ታዲያ እየዳነ የነበረ ሰው ለምን ወደ ኋላ ይመለሳል?

የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። የተገጨው ከሥራ ሲመለስ መንገድ ሲያቋርጥ ነው። ራሱ ውስጥ ደም ስለፈሰሰ ከፍተው አጸዱለት፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሳያውቅ ተኝቶ ነቃ። ሲሻለው ናጅማ ሰፈር ወደሚገኘው ክፍሉ መለሱት። ከሌሎች ሐበሾች ጋር ነው የሚኖረው። በዕድሜ የሚበልጧቸው አንድ ሾፌር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

እኔ የምሠራው አል ሰድ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። እረፍቴ አርብ ብቻ ነው። ከአርብ ወደ አርብ ሲከፋበት አየሁ። መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቀጥሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ወዲያ መምጣቴንም የረሳ ይመስላል። ሊነሳ ሲል እግሩ ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ ሁሉ ቆሞ ይቀራል። በሳምንቱ መሐል እጄ ሥራ ላይ ሆኖ ሐሳቤ ናጅማ ነው። ያጠብኩትን ሳህን መልሼ አጥባለሁ። አሠሪዬ ማዳም "ኸላስ፣ በቃ፣ ጠርቷል" ስትለኝ ነው የምባንነው።

ክፍላቸው ግን አርብ አርብ ንጹሕ ነው። በረኪና በረኪና ይሸታል፤ የወንድሜ አንሶላ ታጥቦ ተነጥፏል። ወንዶች ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት እንዲህ መያዙ ገርሞኝ አንድ ቀን ጋሼን አመሰገንኳቸው። እንግዳ ሲመጣ ነው የምናጸዳው ብለው ሳቁ። ሌሎቹ አልሳቁም።

ከዚያ አሠሪው ድርጅት ትኬት ቆረጠለት። ሹግል መሥራት የማይችል ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም፤ አገሩ ገብቶ ቤተሰብ ያስታመው ተባለ። የክፍሉ ልጆችም ተስማሙ፤ ጸበል ቢገባ ይሻለዋል አሉ። እኔ ጸበልን አልጠላሁም። ግን እናታችን ባለችበት አገር ያለው አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ የራስ ሐኪም የሚባል የለም። እንዲህ እንዳለ ከገባ እንዲህ እንዳለ እንደሚቀር ልቤ ነገረኝ። ከመሄዱ በፊት የቀረው አንድ ቀጠሮ ብቻ ነበር፤ እሱም አርብ አልዋለም።

ማዳምን ለማስፈቀድ ሻይ ይዤ ገብቼ ሳልናገር ወጣሁ። ስኳር ይዤ ተመለስኩ፤ አሁንም ወጣሁ። በመጨረሻ ራሷ ምን ሆነሻል ስትለኝ ነገርኳት። ከምሳ በፊት እንድመለስ አስጠንቅቃ ለቀቀችኝ።

ጋሼ በመኪናቸው ወሰዱን። የምታስተረጉምልን አንዲት ሐበሻ ነርስ ነበረች። ሐኪሙ አካሄዱን ጠየቀ፤ ነገርኩት። ይረሳል ወይ አለ፤ አዎ አልኩ። ሽንቱን ይቆጣጠራል ወይ ሲል ወንድሜ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ጋሼ በሩ አጠገብ ቆመው የመኪና ቁልፋቸውን ያገላብጣሉ። እኔም ይቆጣጠራል አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር የማላውቀው አልመሰለኝም። ሐኪሙ የአደጋው ርዝራዥ ሊሆን እንደሚችል ነግሮን ለራስ ፎቶ ቀጠሮ ሰጠን። ቀጠሮው ከበረራው በኋላ ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ ጋሼ ቀድመው የፊቱን በር ከፈቱና በጀርባቸው ከልለው ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር አስተካከሉ። ወንድሜን ላስቀምጥ ጠጋ ስል አየሁት። ፎጣ ነው። ከፎጣው ሥር ላስቲክ ተነጥፏል።

"ጋሼ፣ ላስቲኩ ምንድን ነው?"

"ለሙቀቱ ነው፤ ግቢ ልጄ።"

"ለሙቀት ላስቲክ?"

ዞር ብለው ወንድሜን አዩት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ገመናው ነው። ለእህት አይነገርም።"

የክፍሉ ልጆች ተራ ገብተው አንሶላውን ያጥቡለት ነበር። አርብ ጠዋት እኔ ከመድረሴ በፊት ፍራሹን ጣሪያ ላይ አውጥተው ያሰጡታል፤ ወለሉን በበረኪና ያጥባሉ። እኔ እንዳልሰማ ወንድሜ አስምሏቸዋል። አንዳቸውም አላማረሩም፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም። የጓደኛን ገመና መሸፈን ነው ያደግንበት፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ወንድሜ ከመኪናው ውስጥ "ተይው፤ እንሂድ" አለኝ።

"ሐኪሙ እኮ ጠይቆኛል" አልኩት። ጥያቸው ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለስኩ።

ነርሷ ሌላ በሽተኛ ይዛለች። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ገባሁ።

"ያ የጠየቃችሁኝ ነገር… አለ።"

"የቱ? ብዙ ጠይቀንሻል እኮ።"

አጠገባችን ሰው ነበረ። "ሽንቱ ያመልጠዋል" አልኩ፤ ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ከመቼ ጀምሮ ስትለኝ አላውቅም፤ ሄጄ ጋሼን አመጣኋቸው። ጣሪያውን እያዩ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ነው አሉ፤ መጀመሪያ ሲተኛ ብቻ ነበር፤ አሁን ቀንም ያመልጠዋል።

"እና ዝም አላችሁ?" አለች ነርሷ።

"ሰው ነው፤ ምን ተብሎ ይነገራል?"

"ለሐኪም ይነገራል፣ ጋሼ።"

ወጥታ ሐኪሙን ይዛ መጣች። ፎቶው ያኑ ቀን ተነሳ። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል፤ የምሳው ሰዓት አልፏል። ነርሷ ፎቶው ላይ ያበጠውን ጥቁር ቦታ እያሳየች አስረዳችኝ። ራሳችን ውስጥ ውሃ አለ፤ በየቀኑ ይመነጫል፣ በየቀኑም ይመጠጣል። ከአደጋ በኋላ ደም መውጫውን ሲዘጋው ውሃው ቀስ እያለ ይጠራቀምና አንጎልን ይጫናል። እግር መጎተት፣ መርሳት፣ ሽንት ማምለጥ ሲደራረቡ ሐኪም ይህን ይጠረጥራል። አስተኙት። በማግስቱ ከወገቡ በመርፌ ጥቂት ውሃ ሊቀዱለት ሆነ፤ አካሄዱ ከተሻሻለ ሕክምናው ሊረዳው ይችላል ማለት ነው።

ማዳም በመዘግየቴ ተቆጥታኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አንድ ብርጭቆ ሰበርኩባት፤ ቀጥሎ ሌላ። "ያላ፣ ሂጂ፤ ቤቱን ሳትጨርሺው" አለችኝ።

መርፌው ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ አስኬዱት። ጫማው ከወለሉ አልተነሳም፤ ለመዞር እንደ ሕፃን በትንንሽ እርምጃ ተሽከረከረ። ከተቀዳለት በኋላ ያሉት ሰዓታት አላለቁልኝም። ውሃ ልጠጣ ሄጄ ሳልጠጣ እመለሳለሁ። ተቀምጬ እነሳለሁ። ከሰዓት በኋላ እንደገና አቆሙት። መጀመሪያ ለውጡ አልታየኝም። ከዚያ ግራ እግሩ ተነሳ። ቀኙ ተከተለ። መጨረሻ ላይ ደርሶ ዞረና አየኝ።

"አፍሽን ዝጊው፤ ዝንብ ይገባብሻል" አለኝ።

ድርጅቱ ትኬቱን አራዘመ። ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ከራሱ ተነስቶ በቆዳው ሥር እስከ ሆዱ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ገባለት፤ የተጠራቀመው ውሃ በዚያ ይወርዳል። ሁሉም ነገር አልተመለሰለትም። አሁንም ስም ይጠፋዋል፤ ቶሎ ይቆጣል። ግን ይራመዳል፤ አንሶላውም ደረቅ ነው። እሱ ራሱ ገመናው መነገሩ ሲገባው ከጋሼ ጋር ተኮራረፈ። አንድ ክፍል እያደሩ ሰላምታ ነሳቸው። እኔንም አላስቀረኝም።

ነርሷ ቱቦው ሊዘጋ እንደሚችል ነግራኛለች። እንቅልፍ ከበዛበት፣ ካስታወከው፣ እግሩ ከጎተተ፣ ሽንቱ እንደገና ካመለጠው ያኑ ቀን አምጪው ብላኛለች። ስለዚህ ማታ ማታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ እደውላለሁ። ራስህን ያምሃል? አይ። አስታወከህ? አይ። ከዚያ የክፍሉን በር እዘጋለሁ። እሱም ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

"ሽንትህስ?"

"አታፍሪም አንቺ?"

"አላፍርም" እላለሁ፤ ፊቴ እየጋለ።

"ደህና ነው" ብሎ ይዘጋብኛል። እኔም ሳልውል ሳላድር ለጋሼ እደውልና እውነቱን እጠይቃቸዋለሁ።