ከሰሊጥ ፍሬ ላይ የተሣለችው ግመል

ዳኛው የሚባለው ሰው የመተማ ዮሐንስ ከተማ ሠዓሊ ነበር። ሠዓሊ ማለት የጭነት መኪና በር ላይ ግመል የሚሥል፣ የሻይ ቤት ሰሌዳ የሚጽፍ፣ ሲጽፍም አንድ ፊደል የማይገድፍበት ቀን የሌለው። የሱዳን ሾፌሮች ግመሉን ይወዱለታል፤ እሱም ከዚያው ይበላል። ሆዱ ሲጠግብ ግን ክብር አማረው። አገሩ ሁሉ «ቀለም ቀቢው» ነው የሚለው፤ «አርቲስት» ብሎ የጠራው ነፍስ የለም።

በ2004 ዓ.ም. የወረዳው ሰዎች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ጎንደር ለሁለት ቀን ሥልጠና ወሰዱት። አበል ስላለው ማንም አልቀረም። አንድ ምሁር ናኖ ቴክኖሎጂና ሥነ ጥበብ ስለ መጋባታቸው ተናገረ፤ በባሕር ማዶ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ የሚያንስ ሥዕል በመሣሪያ ይሠራል፣ በዓይን አይታይም አለ። ግድግዳው ላይ ሊያሳይ ሲል መብራት ሄደ። ያላየው ታዳሚ አጨበጨበ። አብልጦ ያጨበጨበው ፀሐዩ ነው፤ ወረዳው በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የጥበብና የግብርና ኤግዚቢሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አዲስ ቃል ከሰማ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ዳኛውን ጠጋ አለው። «ዘንድሮ ናኖ ጥበብ ከኛ ይውጣ። አንደኛ የወጣ አርቲስት ተብሎ ለውድድር ክልል ይሄዳል።»

«በምን መሣሪያ ጋሼ ፀሐዩ?»

«በአመለካከት።»

ዳኛው አመነ። ከሰዓት ሠሪ የዓይን መነጽር ተዋሰ፤ ከፍየል ጆሮ ሦስት ፀጉር ነቅሎ ብሩሽ ሠራ፤ ትንፋሹን ውጦ ሰሊጥ ፍሬ ላይ ግመል መሣል ጀመረ። ሰሊጥ ለናኖ ተራራ መሆኑን የነገረው የለም። ባስነጠሰ ቁጥር አንዲት ግመል ትጠፋለች። ሾፌሮቹ ጠብቀው ጠብቀው ከድንበር ማዶ፣ ገዳሪፍ፣ ሌላ ቀቢ አገኙ።

«ትልቁን ግመል ትተህ ይቺን?» አለችው ሚስቱ ሀብትነሽ። «ማን ሊጭናት ነው?»

«አይገባሽም። ናኖ ነው።»

በአራተኛው ወር አንዲቷ ወጣችለት። እውነት ይነገር ከተባለ ግመሏ ግመል ነበረች፤ የአፍንጫዋ ገመድ ሳይቀር ይለያል። ሰውየው ሳያስበው ሠዓሊ ሆኖ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ገንዳ ውሃ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ተከፈተ። ፍሬዋ ነጭ ሳህን ላይ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ማጉያ መነጽር፣ ከፊቷ «ግመል፤ ናኖ ጥበብ» የሚል ወረቀት። ያለፈ ሁሉ ወረቀቱን አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል። መነጽሩን ያነሣ አልነበረም።

የክብር እንግዳው ማሩ ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ሰሊጥ ያረሱና የነገዱ የጎንደር ባለሀብት። በዚያ አገር ሰሊጥ ገዥ አይጠይቅም፤ ያነሣል፣ በፊት ጥርሱ ይሰብራል፣ ይፈርዳል። ማሩ ሳህን ላይ ሰሊጥ አዩ። ወረቀቱን አላዩም። አንሥተው ቀጭ አደረጓት።

«ደርቋል፤ ዘይቱም ደኅና ነው» አሉ። «ብቻ ቀለም ቀለም ይላል። ከማን እርሻ ነው?»

ዳኛው ባዶውን ሳህን አየ። እስከዚያች ቀን ሥራውን ቀምሶ አስተያየት የሰጠ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፀሐዩ እንግዳውን በፈገግታ ሸኝቶ ተመለሰ። «ሌላ የለህም?»

«አራት ወር የፈጀብኝ እኮ ናት።»

«ፍሬ ነው ያልሁህ።» ብሎ ከጎረቤቱ ጠረጴዛ፣ ገበሬዎች ለናሙና ካቀረቡት የሰሊጥ ከረጢት፣ አንድ ፍሬ ቆንጥሮ ሳህኑ ላይ ጣለ።

የውድድሩ ዳኞች መጡ። መነጽሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። አንደኛው ዓይኑን አጥብቦ ቆየና «ግመሏ እንዴት ረቃለች» አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላለማነስ ሻኛዋን አደነቀ።

ሠዓሊው ዳኛው መናገር ይችል ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። ያኔ በድምፅ ማጉያው «አርቲስት ዳኛው» ተብሎ ተጠራ። አፉን ዘጋ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ወጥቶ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ።

ለክልሉ ውድድር ሦስት ቀን ሲቀረው ሀብትነሽ የፍየል ፀጉሩን ብሩሽ ደርቆ አገኘችው።

«አትሥልም እንዴ?»

አርቲስቱ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከቤቱ የሰሊጥ ከረጢት አንድ ፍሬ አንሥቶ በወረቀት ጠቀለለ።

«ጨርሻለሁ» አላት።