ፀሐይ የዋጠችው ዜብራ

እናቴን መኪና የገጫት ወተት ልትገዛ መንገድ ስትሻገር ነው። ከወሎ መጥታ አዳማ ከከተመች ጀምሮ ወተት የምትወስደው ከአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ የምትኖረው ደግሞ ወደ ወለንጪቲ ከሚወስደው ዋና መንገድ ማዶ ነው። ያን ዕለት ጠዋትም እናቴ ዜብራውን ይዛ ስትሻገር፣ ከቆቃ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ መኪና ገጭቶ አስፋልቱ ላይ ጣላት።

የጨርቅ ሱቄን ገና ልከፍት ስል ነው የደወሉልኝ። ሆስፒታል ስደርስ ነፍሷን አውቃለች፤ ዳሌዋ ግን ተሰብሯል። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ የሚያወራው ስለ ሹፌሩ ብቻ ነበር። ሲበር መጥቶ ነው፣ እንቅልፍ ይዞት ነው፣ ይህን ሰው ሳላሳስር እረፍት የለኝም ይላል። እውነት ለመናገር የእኔም ልብ ከእሱ አይለይም ነበር። ሰውየውን አይቼው ባላውቅም ፊቱን ክፉ አድርጌ ስዬው ነበር።

በማግስቱ አንዲት የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን ታብሌት ይዛ መጣች። ቃል ልትቀበል መስሎኝ ነበር። እናቴን አስፈቅዳ አጠገቧ ተቀመጠችና ቀስ እያለች መጠየቅ ጀመረች። መንገዱ የቱ ጋ ሲደርሱ ነው የተመቱት? መኪናውን አይተውት ነበር? ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?

ወንድሜ አልቻለም። "ሰውየውን ትታችሁ ስለ ፀሐይ ትጠይቃላችሁ?" አላት።

ሳጅኗ አልተቆጣችም። "ሹፌሩን መርማሪው ይዞታል" አለችው። "እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው። እዚያው ቦታ እንደ እማማ የወደቁ ሌሎችም አሉ።"

ታብሌቱን ወደ እኛ አዞረችው። የአዳማ ካርታ ነበር፣ በላዩ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። ድሮ አደጋ ሲደርስ የሚመዘገበው በቀበሌና በመንገድ ስም ስለነበር ትክክለኛውን ቦታ ማንም መልሶ አያገኘውም ነበር አለችን። አሁን ግን ፖሊሱ አደጋው የደረሰበት ቦታ ላይ ቆሞ ሲመዘግብ ቦታውም፣ ሰዓቱም፣ መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫም አብሮ ይቀመጣል። የእኛ ሰፈር መሻገሪያ ላይ ነጠብጣቦቹ ተጨናንቀዋል። የጠዋቱን ብቻ አሳየኝ ስትለው አብዛኞቹ ባሉበት ቀሩ፤ ከአዲስ አበባ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄዱትን ብቻ ስትመርጥም ያው ናቸው። ወዲያኛው አቅጣጫ ላይ ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን ጠርጥራለች፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም።

"ካልከፋሽ እህቴ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንየው" አለችኝ።

በፖሊስ ፒክአፕ ሄድን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ጎኗ ነኝ። ከመሻገሪያው በፊት ያለችውን ትንሽ ዳገት ጨርሰን ብቅ እንዳልን ፀሐይዋ ፊት ለፊት መስታወቱን ሞላችው። እጄን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። አስፋልቱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ዜብራው የለም። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው፣ ያንን መንገድ ስሻገር ኖሬያለሁ፤ ከሹፌር ወንበር በኩል ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ሳጅኗ ቀድማ ፍሬን ይዛ ኖሮ ቆምን። ያን ጊዜ ነው ከፊታችን ዘንቢል የያዙ አንድ ሽማግሌ ሲሻገሩ ያየሁት።

"አየሽ?" አለችኝ።

ሽማግሌው ማዶ እስኪደርሱ በዓይኔ ሸኘኋቸው።

ለእናቴ ያየሁትን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "እኔን መኪና መታኝ፣ እሱን ደግሞ ፀሐይ መታችው በይኛ" አለች። ከዚያ ወንድሜን ጠርታ ለሹፌሩ የታሰረበት ጣቢያ ምሳ እንዲያደርስለት አዘዘችው። ወንድሜ እያጉረመረመ ሄደ፤ ሲመለስ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰውየው አላየኋትም ብሎ እንዳለቀሰ፣ ከምግቡም አንድ ጉርሻ ብቻ እንደቀመሰ ነገረን። ሳያይ መንዳት አልነበረበትምና ሕጉ የራሱን ሠራ። እኛ ግን በሽማግሌ ታረቅን። ከዚያ ወዲህ ለአረፋ እየመጣ እናቴን እንኳን አደረሰዎት ይላታል።

መንገዱ ወዲያው አልተስተካከለም። ሳጅኗ ካርታውንና አብረን የሄድን ዕለት ከፒክአፑ ያነሳችውን ፎቶ ይዛ ማዘጋጃ ቤት ስትመላለስ ከረመች። አንዴ በጀት የለም፣ አንዴ ጠብቂ ይሏታል። በሰፈር ስብሰባ ላይ ስታስረዳ ተነስቶ የደገፋት ወንድሜ ነበር፤ እዚያ ፒክአፕ ውስጥ የነበረው እሱ ነው የሚመስለው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ መሻገሪያው ከዳገቱ በታች፣ የጠዋት ፀሐይ ወደማታስቸግርበትና ከሩቅ ወደሚታይበት ቦታ ተዛወረ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ተሠራለት። በድሮው መሻገሪያ አጠገብ ሐብሐብ የሚሸጠው ጎረቤታችን ደንበኛ ራቀኝ ብሎ እስከ ዛሬ ያማርራል። በእሱ በኩል እውነቱን ነው።

እናቴ ምርኩዝ ይዛ ትሄዳለች። ጠዋት እዚያ የሚቆመውን ትራፊክ በተማረችው ኦሮምኛ "አካም ቡልቴ" ብላ እንዴት አደርክ ትለዋለች፤ እሱም መኪናውን ሁሉ አቁሞ፣ አይቸኩሉ እማማ እያለ ያሻግራታል።

ሳጅኗን በቅርቡ ሱቄ ውስጥ አገኘኋት። ለእህቷ ሠርግ ጨርቅ ፈልጋ ነበር የመጣችው። ቀለም እያማረጠች፣ እዚያ ቦታ አዲስ ነጠብጣብ ከታየ እንደቆየ፣ አሁን ከብት መንገድ እያቋረጠ አደጋ በሚያመጣበት በቡልቡላ በኩል እየሠራች እንደሆነ ነገረችኝ። ምን ብዬ እንደማመሰግናት ስንት ጊዜ ሳስብ ኖሬያለሁ። የመረጠችውን ጨርቅ ዘረጋሁና ከጠየቀችው ልክ አሳልፌ ቆረጥኩላት። አየችኝ፤ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።