ከቤታችን በላይ የተሰነጠቀው መሬት

መልእክቱን ያመጣችልኝ የሰፈራችን ሙዝ ነጋዴ ናት። ሙዟን ሚዛን ገበያ ካራገፈች በኋላ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ክፍለ ጊዜዬ እስኪያልቅ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ወንድምሽ ቶሎ ነይ ብሎሻል" አለችኝ። "ከቤታችሁ በላይ ያለው መሬት ተሰንጥቋል። አባትሽ ደግሞ አልወጣም ብሏል።"

ስልክ ገና በየኪሱ ያልገባበት ጊዜ ነው። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወደ ሸኮ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። የወላጆቼ ቤት ከዋናው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ዳገት ላይ ነው። ከቤቱ በላይ ቡናና ጫካ፣ ከቤቱ በታች እንሰትና ጎደሬ፣ ከዚያ ወንዝ። መስከረም እያለቀ ስለነበር ቡናው እዚህም እዚያም መቅላት ጀምሯል። ዝናብ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። የዚያን ዓመቱ ግን ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሳያባራ የከረመ ነበር። ስወጣ መንገዱ ላይ እግሬን ባሳረፍኩበት ሁሉ ውሃ ይቋጥር ነበር።

ወንድሜ ከጓሮ ጠበቀኝ። ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። ቡናውን የሚይዘው፣ ቤቱን የሚያድሰው፣ ከወላጆቻችን አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ ወደ ላይ ወሰደኝ።

ስንጥቁ ከቡናው መሀል ይጀምርና እንደ ቦይ ተጠማዝዞ ዳገቱን አቋርጦ ይሄዳል። አንዳንዱ ቦታ እጅ ያስገባል፤ አንዳንዱ ቦታ እግር። ወንድሜ ከዳርና ከዳር ሁለት እንጨት ተክሎ በልጥ አስሮ ነበር። ልጡ ተበጥሷል።

"ትናንት ጠዋት ነው ያሰርኩት" አለኝ።

ሌላም ነገር አሳየኝ። ምንጫችን ደፍርሶ ቀይ ሆኗል፤ ከዚህ በፊት ውሃ አይተንበት የማናውቀው ቦታ ላይ ደግሞ ውሃ ይፈልቃል። የቤቱ በር አልዘጋ ብሏል። እናቴ ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት መስሏት በመጥረቢያ ልትጠርበው ሞክራ ነበር። እንጨቱ ሳይሆን ቤቱ ነበር የተንቀሳቀሰው።

አባታችን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ወድቆ፣ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ቀርቷል። ንግግሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰለት፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ዓለሙ ያቺ ክፍል ናት። እናቴ በመጋረጃ ከልላ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ያቆሸሸውን ታነሳለች። መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ ከእሷ በቀር ማንም ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። እኔን እንኳ አስገብቶኝ አያውቅም።

በዚያን ቀን ስገባ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በቤንችኛ ነው። አባቴ አማርኛ የሚናገረው ከመንግሥት ሰው ጋር ሲሆን ብቻ ነበር።

"አንቺንም ጠሩሽ?" አለኝ።

"አዎ አባባ። መሬቱን አይቼ መጣሁ።"

"እኔ እዚህ ዳገት ላይ ስንት ክረምት እንዳሳለፍኩ ታውቂያለሽ። መሬት ይሰነጠቃል። ፀሐይ ሲወጣ ይገጥማል።"

"ይኼኛው እንደዚያ አይመስልም።"

"እንግዲያው እናንተ ውጡ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። እኔን ተሸክማችሁ የምትወጡት ለቀብር ነው።"

የቀበሌው ሊቀመንበር በማግስቱ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞሩ መጡ። ከታች ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ የሚፈራ ሰው እዚያ ይጠለል አሉ። ወንድሜ "ውጡ እያላችሁን ነው ወይስ ብትፈልጉ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ሊቀመንበሩ ዳገቱን ቀና ብለው አይተው "እኔ የመሬት ባለሙያ አይደለሁም፤ ሁሉም ለራሱ ይወስን" አሉና ሄዱ። ከታች ያሉት ሁለት ጎረቤቶቻችን ደጃቸው ላይ ቆመው ወደ እኛ ቤት ይመለከቱ ነበር። የእኛ ቤት ከሁሉም በላይ ስለሆነ፣ እኛ ስንወጣ ሊወጡ፣ ስንቀር ሊቀሩ ነው።

እናቴ፣ ወንድሜና እኔ በወንድሜ ጎጆ ውስጥ ተቀመጥን። ወንድሜ ሚስቱንና ልጆቹን ልኮ፣ እሱ ብቻ ከአባታችን ጋር ሊቀር አሰበ። እናቴ አልተቀበለችውም።

"አንተ ሦስት ልጅ አለህ" አለችው። "የሚቀር ካለ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ከቀረሽ እኔ እንዴት ነው የምወጣው?"

"በእግርህ።"

እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ "አንቺ ተምረሻል፤ አንቺ ወስኚ" አለችኝ። የተማርኩት ቋንቋ ማስተማር ነው። ስለ መሬት ከወንድሜ የተሻለ የማውቀው አንድም ነገር አልነበረኝም። ያን ጊዜ ግን እንዲህ አላልኳቸውም። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር፤ አንድ ሰው ቁርጡን እንዲናገር ይፈልጉ ነበር።

"ሁላችንም እንወጣለን" አልኩ። "አባባንም ይዘን።"

"አይሆንም ቢልስ?"

"እኔ አናግረዋለሁ።"

ገብቼ ያልኩትን እስከዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "አባባ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰድህ። ነርሷ እግርህን ልታየው ትፈልጋለች። ከሰዓት በኋላ መልሰን እናመጣሃለን" አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ "ከሰዓት በኋላ?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። እናቴን ሸሚዝ ቀይሪልኝ አላት።

ወንድሜና ሦስት የጸሎት ቤታችን ሰዎች በቃሬዛ አነሱት። ከላይ ላስቲክ አለበስነው። እናቴ ባሉን ሁለት ብርድ ልብሶች ጠቀለለችው፤ ዝናቡ ግን ከጎን ነበር የሚመጣው። ዳገቱ በጣም ያዳልጥ ስለነበር ተሸካሚዎቹ ሁለት ጊዜ በጉልበታቸው ወደቁ። በሁለተኛው ቃሬዛው አጋደለና ብርድ ልብሱ ጭቃ ውስጥ ተነከረ። ጎረቤቶቻችን እኛን ሲያዩ ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ጤና ጣቢያ፣ የቀኙ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አባቴ ላስቲኩን በግራ እጁ ገለጥ አድርጎ መንገዱን አየ። ከዚያ ላስቲኩን መለሰው።

ክፍሉ ውስጥ ከእኛ በፊት የገቡ ቤተሰቦች ነበሩ። ዴስኮቹ ግድግዳ ጥግ ተደራርበው መሬቱ ላይ ገለባ ተነጥፏል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ እርጥብ ልብስ በየመስኮቱ ተሰጥቷል። አባቴን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር አስተኛነው። እናቴ ዙሪያውን አየች፤ ከዚያ ከያዘችው ዕቃ ውስጥ አንሶላ አውጥታ ከሁለት ዴስክ ጋር አሰረችና ከለለችው። አንሶላው ሳስቶ ስለነበር ብርሃን ሲያርፍበት ከወዲያ በኩል ያለው ሁሉ ይታያል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ አባቴን ስታጥበው ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። እንዳያዩት ብለው ነው፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ያ ሁሉ ጀርባ ግን ከማየት የባሰ ነበር። አባቴ ለምን አልወጣም እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ መሬቱ አልነበረም።

ወደ አንሶላው ጠጋ ብዬ "አባባ፣ ምን ላምጣልህ?" አልኩት።

በአማርኛ "ውሃ ስጪኝ" አለኝ።

ሰጠሁት። በአማርኛ "አመሰግናለሁ" አለ። ከእናቴና ከወንድሜ ጋር እንደ ድሮው በቤንችኛ ያወራል። እኔ ስጠጋ ወደ አማርኛ ይለውጣል፣ ልክ ሊቀመንበሩ ሲመጡ እንደሚያደርገው። እስኪሞት ድረስ አልተወውም።

በሦስተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። በአራተኛው ትኩሳት ያዘው። ነርሷን ከጤና ጣቢያ በእግር ሄጄ አመጣኋት። አዳምጣው ሳንባው ላይ ነው አለችኝ፤ መርፌ ወጋችው፤ ሚዛን ሆስፒታል ብትወስዱት ጥሩ ነው አለች። እስከ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው መንገድ ግን በጭቃ ተዘግቶ መኪና ከቆመ ቀናት ሆኖታል። ወንድሜ በቃሬዛ እስከ ዋናው መንገድ እናድርሰው አለ። አሁንም ሁለቱ ወደ እኔ አዩ። እኔ ግን አባባን ጠይቁት ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ተጠየቀ፤ ከዚህ አታንቀሳቅሱኝ አለ።

በስድስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከዳገቱ በኩል የጭነት መኪና ድንጋይ እንደሚያራግፍ ያለ ድምፅ መጣ። ሁላችንም ወደ ሜዳው ሮጥን። ዝናቡ ሳስቶ ስለነበር ይታያል። የዳገቱ አንድ ጎን ከነቡናው፣ ከነዛፉ ተነስቶ እየወረደ ነው፤ የሚወርድ አይመስልም፣ የሚራመድ ነው የሚመስለው። ሲቆም ከታችኞቹ ጎረቤቶቻችን ቤቶች አንዱም አልነበረም። የዘረገፈው ጭቃ እስከ ወንዙ ደርሷል።

የእኛ ቤት ግን እንዳለ ነው። የተናደው ከቤታችን በስተግራ አልፎ ነው የወረደው። የላይኛውን ቡና ግማሹን ወስዶታል፤ ቤቱ፣ የወንድሜ ጎጆ፣ የእንሰቱ አጥር ሳይቀር ቆመው ይታያሉ። ክዳኑ ላይ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተነሳም። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ "ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር" አለኝ። ስለምን እንደሚናገር አውቄያለሁ።

አባቴ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሞተ። እናቴ አንሶላውን ፈታ ሸፈነችው። እሱ መቀበር የሚፈልገው ከቤቱ ጀርባ ነበር፤ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተናግሮታል። ዳገቱ ላይ ለመውጣት የደፈረ ሰው ግን አልተገኘም፣ ወንድሜም ሰው አላስፈጅም አለ። ጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀበርነው። ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ስላስቸገረ ሁለት ጊዜ ቀዱት።

ከቀብር ስንመለስ ቤታቸው ከተዋጠባቸው ጎረቤቶች አንዷ እጄን ይዛ ሳመችው። "እናንተ ባትወጡ እኛ አንወጣም ነበር" አለችኝ። "አባትሽን ተሸክማችሁ ስትወርዱ ነው ልጆቼን ያስነሳኋቸው።" ልጆቿ አጠገቧ ቆመዋል፤ አራት ናቸው። አቀፍኳት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታው ግን አልመጣልኝም፤ ዛሬም ስለዚያ ቀን ሳስብ ያ ደስታ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ እናቴን ወደ ሚዛን ልወስዳት ለመንኳት። ክፍል ተከራይቼላት ነበር። እሷ ግን በታኅሣሥ ወደ ዳገቱ ተመለሰች። ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ ከወንዙ ማዶ ሰፈረ፤ ቀን ቀን እየወጣ ያያታል። ክረምት በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፤ ውረጂ እላታለሁ፤ አትወርድም። በእኔ ቅር እንዳላት ይሰማኛል። ስንጥቁ ሣር በቅሎበታል፤ በአንዳንድ ቦታ ግን አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአንዱ ክረምት፣ በሩ አሁንም በማይዘጋው ቤት ውስጥ ጎደሬ እየላጠች ተቀምጣ፣ እኔ ደግሞ ዝናቡ ቆም እስኪል ስጠብቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት።

"ያን ጊዜ ባልወስን ይሻል ነበር ትያለሽ?"

"መውጣቱ ትክክል ነበር" አለችኝ፤ ቀና ሳትል። "የጎረቤቶቻችን ልጆች በሕይወት አሉ።"

"እና እኔ ላይ ያዘንሽው በምንድን ነው?"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እውነቱን ብትነግሪው ኖሮ እምቢ ይል ነበር። እምቢ ካለ በኋላ በግድ ብትሸከሙት፣ ይሰድባችሁ ነበር፣ ይጮህ ነበር። ሽማግሌ ነው፣ የሚጮህበት ሰው ይፈልግ ነበር። አንቺ ዝም አሰኝተሽ ወሰድሽው።"

ቢላዋዋን አንስታ ወደ ጎደሬዋ ተመለሰች። ዝናቡ ትንሽ ሲሳሳ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ፤ በማግስቱ ክፍል ነበረኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ወጣሁና ዳገቱን መውረድ ጀመርኩ።