የቀለም ቀንዱና አሥሩ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት አንገቴ ላይ «ዳኛ» የሚል ካርድ አንጠለጠሉልኝ። መካነ ሰላም ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የሳይንስ ትርኢት በመጣ ቁጥር ግን በሆነ ባልሆነው እያመካኘሁ ከዳኝነቱ ስሸሽ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ማምለጫ አጣሁ። የነጥብ መስጫውን ወረቀት ስቀበል ዐይኔ ወደ ታች ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ሥራው የተማሪው የራሱ ነው? 10 ነጥብ» ይላል። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ያቺ መስመር ዛሬም አለች! ነጥቧ እንኳ አልተለወጠም።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ነበሩ። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ደብር ያገለግላሉ፤ በተረፋቸው ጊዜ ብራና ይጽፋሉ። ቤታችን ሁልጊዜ የተቃጠለ ገብስ ይሸት ነበር። ጥቁር ቀለም የሚሠራው እስኪከስል ከተቆላ ገብስና ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥቀርሻ ነው፤ ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጥና እንዲከርም ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሰሞን ሽታው ይኮመጥጣል፤ እንግዳ የመጣ እንደሆነ እናቴ ሮጣ በሩን ትከፍታለች። የአባቴ ሕግ ዓመት ያልዞረው ቀለም ብራና አይነካም የሚል ነበር። ለምን ሲባሉ «የኔታ እንዲህ ነው ያሉን» ይላሉ። የኔታም ከየኔታቸው ነው የሰሙት።

ሌላም ሕግ ነበረን። የሠሩትን «እኔ ሠራሁ» ማለት ነውር ነው። የቄስ ቤት ልጅ ዜማውን አሳምሮ ሲመሰገን «የኔታ ናቸው» ይላል እንጂ የራሱን ጉሮሮ አያወድስም። እናቴ እንኳ ወጡ ጣፈጠ ስትባል አማቷን ነበር የምትጠራው፤ እኔ እስከማውቀው አያቴ ያንን ወጥ ሠርተው አያውቁም።

ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት አባቴ ብዕራቸውን የሚያጠቅሱበትን የቀለም ቀንድ የምሞላው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ተሳስቼ የሦስት ወሩን ቀለም ቀዳሁበት። እሳቸውም ሳያውቁ ሙሉ ገጽ ዳዊት ጻፉበት። ስህተቴን ባውቅም ፈርቼ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጣራው አፈሰሰና ጠብታው ሄዶ ሄዶ እዚያው ገጽ ላይ አረፈ። አባቴ በነጠላቸው ጫፍ ውሃውን ጠረግ አደረጉት፤ ፊደሉ ንቅንቅ አላለም።

«አየሽ ትርንጎ፣ ዓመት የዞረው ቀለም!» አሉኝ በኩራት።

መስከረም ላይ ይህን ለባዮሎጂ አስተማሪያችን ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎም «ፈትኚዋ!» አለኝ። የሂሳብ ደብተሩን ጀርባ ገንጥሎ እንዴት እንደምመዘግብ አሰመረልኝ። ትራፊ ብራና ቆራርጬ በአንድ ወር፣ በሦስት ወርና በዓመት ቀለም ያው አንዱን ፊደል ጻፍኩበት። በእስክሪብቶም ጨመርኩ። በየሳምንቱ ውሃ አንጠባጥቤ ቆርቆሮው ላይ አሰጣለሁ፤ ድንጋይ ካልጫንኩበት የእኛ የወሎ ቦረና ነፋስ ይዞት ይሄድና በገብሱ ቃርሚያ ውስጥ ስፈልግ እውላለሁ። አስተማሪዬ ሁለት ቅዳሜ በእግሩ መጥቶ አይቷል። አሹቅ እየቆረጠመ ደብተሬን ገጽ በገጽ አንብቧል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሚያዝያ ላይ ውጤቱ ግልጽ ሆነ። የአንድ ወሩ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ እስክሪብቶው በፀሐይ ገርጥቷል። የሦስት ወሩና የዓመቱ ግን ምንም ልዩነት የላቸውም። ለአባቴ ስነግራቸው፣ የክረምቱን ስህተቴንም ጨምሬ፣ ሦስት ቀን ዘጉኝ። በአራተኛው ቀን ቁራጮቹን ራሳቸው ውሃ ውስጥ ነከሯቸው። ዐይናቸውን አጥብበው አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ክረምት በከንቱ ነው የጠበቅሁት?» አሉ።

ትርኢቱ ግንቦት ላይ ሆነ። አንደኛ የወጣ ደሴ ሄዶ ከሌሎች ወረዳዎች ልጆች ጋር ይወዳደራል። ለእኔ ነገሩ ከተማ ከማየት ያለፈ ነበር። አጎቶቼ «ለሴት ልጅ አሥረኛ ክፍል ይበቃታል» እያሉ አባቴን ይጨቀጭቋቸው ነበር፤ ደሴ ደርሼ ብመለስ አፋቸው ይዘጋል። ከእኔ አጠገብ የቆመው ልጅ የካርቶን ሄሊኮፕተር ይዟል። ባትሪ ሲነካ ክንፉ ይሽከረከራል። ወንድሙ ከደሴ ሠርቶ እንዳመጣለት ጠዋት በራሱ አፍ ነግሮኛል።

ሦስት ዳኞች መጡ፤ ከሌላ ቦታ የተጋበዙ ናቸው። አስተማሪዬ እጁን አጣምሮ ከኋላቸው ቆሟል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ወረቀት የያዘው።

«የብራና ቀለም ነው።»

«ማን ሠራው?»

ምላሴ የለመደውን ተናገረ። «አባቴ ናቸው።»

«እና አንቺ ምን ሠራሽ?»

አንገቴን ደፋሁ። «እሳቸውን አይቼ ነው» አልኩ።

ሁለተኛው ከቤት ይዤው የመጣሁትን የቀለም ቀንድ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና «ይሄ ባህል ነው፣ ሳይንስ አይደለም» አለ። ሦስተኛው ሄሊኮፕተሩን እያየ ነበር። ወረቀት የያዘው በዚያች መስመር ላይ ዜሮ ጻፈ፤ ከፊቴ ነው የጻፈው፣ ክቡን ሲያዞረው አይቼዋለሁ። የሰባት ወር ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ ገጽ የገለጠ የለም። አስተማሪዬን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

«ይሄንንስ ማን ሠራው?» አሉ አጠገቤ።

«እኔ!» አለ ልጁ ደረቱን ነፍቶ። አሥር ከአሥር።

ሲበተን አስተማሪዬን በር ላይ ያዝኩት። «ጋሼ፣ አንተ ታውቅ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ምን ላድርግ ትርንጎ፣ እንግዶች ናቸው። እንግዳ አይከራከሩም» አለኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል! ያ ዝምታ በውስጤ ነቅዞ እስከዛሬ አለ። የማያውቀኝ ሰው የጻፈውን ዜሮ ረስቼው ይሆን ነበር፤ የሚያውቀኝን ሰው ጫማ ግን አልረሳሁትም። መንገዱን ሁሉ ድንጋይ በእግሬ እየመታሁ ሄድኩ፤ የያዝኩትን አሹቅ ለሰው በቅሎ ሰጠሁት።

አባቴ ሰምተው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ልጄ፣ እኔ ያላወቅሁትን እኮ ነው ያወቅሽው። ይህን አልነገርሻቸውም?»

«አልጠየቁኝም» አልኩ። በእሳቸውም ተናድጄ ነበር፤ ያንን ምላስ የሰጡኝ እሳቸው ናቸውና። ብቻ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀለማቸውን ሦስት ወር እንጂ ዓመት አላከረሙም። አጎቶቼ ሲመጡም «ትማራለች» ብለው ዘጉት። ደሴን ያየሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ያችን መስመር ይዤ፣ ከአንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር ጋር፣ በየጠረጴዛው እዞር ነበር። ከገጠር፣ ከማሻ በኩል መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ማገዶ የሚቆጥብ የጭቃ ምድጃ ይዛ ቆማለች። ከጎኑ በየቀኑ ስንት እንጨት እንደነደደ የተጻፈበት ደብተር አለ።

«ማን ሠራው?» አላት ባልደረባዬ።

«እናቴ ናት» አለች አንገቷን ደፍታ።

እስክሪብቶው ወረደ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «እኔ ነኝ በይ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደነገጠች፤ አንገቷ ይብስ ተሰበረ። ያኔ በራሴ አፈርኩ። በነዚያ ሰዎች ላይ ያልወጣ ንዴቴን እናቷ ጨዋ አድርጋ ባሳደገቻት ልጅ ላይ አወጣሁት።

ወረቀቱን ከባልደረባዬ እጅ ወሰድኩ። «ራሷ ተናግራለች እኮ፣ መምህርት» አለኝ። መስመሯን ሰረዝኳትና ደብተሩን ገለጥኩ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አልኳት። «እናትሽ ያላወቀችውን ምን አገኘሽ?»

ቀና አለች። መጀመሪያ የሠራችው ምድጃ ለምን እንደተሰነጠቀ ጀመረችልኝ፤ ከዚያ ጭድ ስትጨምርበት፣ ከዚያ አፉን ስታጠበው። አሁንም አልጨረሰችም። ባልደረባዬ ሰዓቱን ያያል። ይይ።