የጋሽ ሞላ ሞክሼ

ዛሬ ጋሽ ሞላ ሲመርቁኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ደብረ ታቦር፣ እኛ ሰፈር ጌም ቤት፣ አውሬ የሚያዋጋ የቪዲዮ ጌም ውድድር ነበረን። ሁሉም ኃይለኛ የአውሬ ቡድን ሲያዘጋጅ እኔ ለቀልድ ከመተኛት በቀር ምንም የማያደርጉ አውሬዎች ሰበሰብኩ።

ስም ያወጣሁላቸው እድር ስብሰባ ላይ በሚያንቀላፉ ሽማግሌዎቻችን ስም ነው። ወፍራሙን ድብ «ጋሽ ሞላ» አልኩት።

ጓደኞቼ በሳቅ ሲንከተከቱ ራሳቸው ጋሽ ሞላ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ገቡ። (መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ጌም ቤቱ ብቻ ነው።)

ቴሌቪዥኑ ላይ ስማቸውን አነበቡ። ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞሩ።

«በእኔ ስም ነው የሰየምከው?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ሞክሼዬ ነዋ! እድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ፣ ስሜን አስጠራኸው» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ድቡ ተኝቶ ይደበደባል። እሳቸው «ደክሞት ነው፣ አሁን ይነሳል» እያሉ እስከ መጨረሻው ጠበቁት።

እንዳይነሳ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

እናንተስ፣ አሹፋችሁበት የመረቃችሁ ሰው አለ? በኋላ ዓይኑን እንዴት አያችሁት? ነገ እድር ላይ አጠገቤ ተቀመጥ ብለውኛል።