የኦቦ ቱፋ ማስታወቂያ

አሰላ ከገባሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም በስልኬ ላይ ግን እስከ ዛሬ የጢቾ ሰው ነኝ። ያደግኩባት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ከሰዓት የሳምንቱን ማስታወቂያ በቴሌግራም ትለጥፋለች። ከአምልኮ በኋላ የእናቶች ስብሰባ አለ። የእነ እገሌ ልጅ ተመርቃለችና ደስታቸውን ተካፈሉ። ለወጣቶች ጉባኤ የምትመጡ ብርድ ልብስ ያዙ። እኔ ይህን ሁሉ ከላይ እስከ ታች፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ቀርቦ እኔ ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥኩ ልጄ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ጢቾ ያለ የእናቶች ስብሰባ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳት። መልሱ በምሳ መካከል የሚነገር አልነበረም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ደርግ ወድቆ፣ ተዘግተው የነበሩ ቤተ ክርስቲያኖች በተከፈቱ ሰሞን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እቤት ተቀምጬ ነበር። ንባቤ ጥሩ ነው ስለተባለ ሽማግሌዎቹ የእሁዱን ማስታወቂያ ለእኔ ሰጡኝ። ትንሽ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የገጠሩ ሰው ጭቃውን እያቦካ፣ ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ የሚመጣው ለስብከቱ ብቻ አልነበረም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሚያገባ፣ የከብት ክትባቱ መቼ እንደሆነ የሚሰማው እዚያ ነው። በስብከቱ ሰዓት ሲያንቀላፋ የነበረ ሽማግሌ እኔ ስነሳ ቀና ይላል። ይህን አውቅ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ነጠላዬን አጥቤ፣ ወረቀቶቹን በተራ አስተካክዬ፣ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ።

ወረቀት ከሚያመጡልኝ ሰዎች የማይቀሩት ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ከከተማው በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ገበሬ ናቸው። አማርኛ መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ የልጆች አባት ከሆኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊደሎቻቸው አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ፣ ሲቸግራቸውም ኦሮምኛውን ጣል እያደረጉበት ነበር የሚጽፉት። ጉዳያቸውም ሁልጊዜ ያው ነው። የጠፋ በሬ፣ የተገኘ በግ፣ የድንች ዘር የሚፈልግ ካለ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይሰጡኝና «ኢንተላ፣ ይህቺን ደግሞ አደራ» ይሉኛል። ልጅት ማለታቸው ነው።

አንድ እሁድ «ቀይ ጊደር ጠፍታለች» ብለው የጻፉትን «ቀይ ግድግዳ ጠፍታለች» ብዬ አነበብኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኦቦ ቱፋ ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ከመዘምራኑ መካከል ጓደኛዬ አልማዝ በእጇ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየኋትና እሷንም ለሁለት ቀን ያህል አኮረፍኳት።

በሚቀጥለው እሁድ ነሐሴ ገብቶ ነበር። በእኛ አገር ነሐሴ ሰማዩ ቆርቆሮው ላይ የሚቀመጥበት ወር ነው። ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም፤ ገብሱ በዝናብ ብዛት ጠቁሮ ይታያል፤ የሰው ሁሉ ልብስ ጭስ ጭስ ይሸታል። ኦቦ ቱፋ በፈረስ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። በር ላይ ጠብቀው በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት ሰጡኝ።

«ኢንተላ፣ ዛሬ በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው የመጣሁት። ሩቅ ነው፤ ስብከቱ ሳያልቅ እወጣለሁ። ይህቺን አትርሺብኝ።»

«አልረሳም፣ ኦቦ ቱፋ» አልኳቸው።

ምን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ደግሞ የየትኛዋ ጊደር ናት ብዬ ከወረቀቶቹ ሁሉ በታች አደረግኳት።

የዚያን ቀን እንግዳ ሰባኪ ነበርና ሰዓቱ ሄደ። ተራዬ ደርሶ ስነሳ ሰው መቀመጫው ላይ መቁነጥነጥ ጀምሯል። የጸሎት ፕሮግራሙን፣ የመዘምራኑን ልምምድ፣ የክትባቱን ቀን አነበብኩ። ቀጥሎ የአልማዝ ነበር። ጮሌ ከተማ የሚያስተምር ወጣት ልታገባ ነው፤ እንደ ደንቡ ሦስት እሁድ መነበብ አለበት፣ ያ ሁለተኛው ነው። ኩርፊያዬ ስላለፈ ከልቤ አሳምሬ አነበብኩላት። «እህታችን አልማዝና እጮኛዋ በእግዚአብሔር ፈቃድ በጋብቻ ሊጣመሩ ስለሆነ ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ።» አልማዝ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ።

አንዲት ወረቀት ቀረች። ላስቲኩን ከፈትኩት እንጂ ወረቀቷን አልዘረጋኋትም። በጀርባ በኩል የኦቦ ቱፋ እስክሪብቶ በርትቶ ያሳበጠው ይታየኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። አሁን ብሳሳት ቤቱ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው የሚበተነው ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኳትና «የዛሬው ማስታወቂያ ይህ ነበር፣ ጌታ ይባርካችሁ» ብዬ ወረድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አልማዝ ከወንዙ ማዶ ያለችውን አክስቷን ለሠርጉ ልትጠራ ስትወጣ በእኛ በር አለፈች። «አብረን እንሂድና አብረን እንመለስ» አለችኝ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ጫማዬ እርጥብ ነው አልኳት። «ሰነፍ» ብላኝ ሄደች።

የወንዙ ድልድይ ሦስት ግንድ ጎን ለጎን ተጋድሞ፣ በላዩ ጭራሮና አፈር የተደለደለበት ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር አሉ። ማዶ አረም ሲያርሙ የነበሩ ሰዎች መሃል ላይ ስትደርስ ድልድዩ ተሰብሮ ስትሰጥም አዩ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ሜዳ ላይ በሚዘረጋበት ቦታ አገኟት።

ረቡዕ ቀበርናት። ከቀብር እንደተመለስኩ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ የኦቦ ቱፋን ወረቀት ዘረጋሁ።

«የወንዙ ድልድይ ግንድ ተሰንጥቋል። ሰው አይሻገር። በላይ ዙሩ። በእኔ በኩል እሾህ አጥሬአለሁ። በከተማው በኩል እናንተ ንገሩ። ቱፋ።»

አንድ የሚያሳስት ፊደል አልነበረበትም። ባለፈው ስለተሳቀ ይሆናል፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይተው፣ ትልቅ ትልቅ አድርገው፣ ቀጥ ባለ መስመር ጽፈውት ነበር። አንድም የኦሮምኛ ቃል አልነበረበትም። ስንት ጊዜ ጽፈው ስንት ጊዜ እንደቀደዱት እግዚአብሔር ያውቃል።

ወጥ ቤት ገባሁና ወረቀቷን ምድጃ ውስጥ ጣልኳት። ማንበቡን መተዌ ስንፍናና ኩራት ነው። ማቃጠሌ ግን እያወቅኩ ያደረግኩት ነው። ለራሴ ይህን ለይቼ መናገር የቻልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቱፋ ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። የአልማዝ እናት እማማ ጥሩነሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ ከጎናቸው ነኝ። የአልማዝ አጎት ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ኦቦ ቱፋ፣ ቤትዎ ድልድዩ አፍ ላይ ነው። መሰንጠቁን አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አውቀው በራስዎ በኩል አጠሩ። ታዲያ እኛስ ሰው አይደለንም? ለቤተ ክርስቲያን አንድ ቃል አይናገሩም?»

ኦቦ ቱፋ ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ ሰው የታመመ ሰው የሚያየው ዓይነት ነው። እንደምናገር ጠበቁኝ ብዬ አምናለሁ። እኔ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ማሳወቅ የእኔ ነበር። ሳይነገር ቀረ» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለኦቦ ቱፋ ገበያ ላይ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው አነሰ። በአርባው ኦቦ ቱፋ ደጃፋቸው ድረስ ሲመጡ እማማ ጥሩነሽ በር ዘጉባቸው። ኦቦ ቱፋ ግን እሁድ እሁድ መምጣታቸውን አልተዉም። በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ወረቀት ግን ሁለተኛ አላመጡም። እኔም ማስታወቂያ ማንበቡን ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ ለሌላ ሰው ለቀቅኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ጎድሎ አዲስ ድልድይ ከተሠራ በኋላ፣ ኦቦ ቱፋ ቤት ሄድኩ። ገብስ እየታጨደ ነበር። ከአጫጆቹ ተለይተው መጡና ክምሩ ጥግ ተቀመጥን።

«እናገራለሁ» አልኳቸው። «እሁድ ተነስቼ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።»

እጃቸው ላይ ያለውን የገብስ ዛላ ሲፈለፍሉ ቆዩ። «ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ።»

«እኔ እንግዲህ ያለኝ ትንሽ ነው። በእኔ ላይ ቢቆጡ ስንት ዓመት ይቆጣሉ? አንቺን ግን ዕድሜሽን ሙሉ ነው የሚወቅሱሽ።»

«እርስዎ እኮ ምንም አላጠፉም።»

«አላጠፋሁም። እሱን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ጌታ ያውቃል። ልብሽ ሲጠነክር ትናገሪያለሽ። ዛሬ ግን እየተንቀጠቀጥሽ ነው፣ ኢንተላ።»

ያን ጊዜ እንደ ምሕረት ቆጠርኩት። እንደ ፈቃድም ቆጠርኩት፣ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ልቤ ሲጠነክር አሉ፣ እኔም ልቤ እስኪጠነክር እጠብቃለሁ እያልኩ ኖርኩ። አስተማሪ ሆኜ ዴራ ተመደብኩ። ዴራ አቧራና ፀሐይ ነው፤ ወንዝ የሌለበት አገር በማግኘቴ ደስ አለኝ። ኦቦ ቱፋ መሞታቸውን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው፣ በወሩ። የአልማዝ ቤተሰቦች ቀብር አልወጡም አሉኝ። ከዚያ አሰላ፣ ትዳር፣ ልጆች።

አልማዝ በህልሜ መጥታ አታውቅም። የሚመጣብኝ የራሴ ድምፅ ነው። ክፍል ውስጥ የተማሪ ስም ስጠራ፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ ሲሰጠኝ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ዕቃ እያጠብኩ፣ ያ ጥርት ያለ የሃያ ዓመት ድምፅ «ተቃውሞ ያለው ያሳውቅ» ይላል። አምሮ ነው የሚሰማኝ። የሚያስፈራኝም ማማሩ ነው።

ዓምና ጥር ላይ እማማ ጥሩነሽ ደከሙ ሲባል ጢቾ ወረድኩ። ፀሐይ ላይ አውጥተዋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የልጃቸው ጓደኛ መሆኔን ሲያውቁ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። እጄን እንደያዙኝ ነገርኳቸው። ወረቀቷን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ምድጃውን፣ ሁሉንም።

እጄን ለቀቁኝ። እርግማን ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ፈልጌው ነበር። እሳቸው ግን ስለ አልማዝ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ያ ሰው ሦስት ጊዜ ደጄ መጥቷል» አሉ። «በአርባው፣ በሙት ዓመቷ፣ ደግሞም ሊሞት አካባቢ በልጁ ተደግፎ። ሦስቱንም ጊዜ አላስገባሁትም። ሳይሞት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ለእኔ ይቀለኛል ብዬ ያመጣሁትን ሸክም በአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ ጨመርኩት። ከፊታቸው ቆሜ ያየሁት እሱን ነው።

«ልጁ አለ?» አሉኝ ቆይተው።

«አለ። እዚያው አባቱ ቤት ነው።»

«ውሰጂኝ።»

የልጅ ልጃቸው እንዳይሄዱ ቢለምናቸውም አልሰሙትም። በባጃጅ ይዘናቸው ወረድን። አሁን ወንዙ ላይ የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ መሃሉ ላይ ስንደርስ እማማ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የኦቦ ቱፋ ልጅ በር ላይ ተቀበለን። እሱም ሸብቷል፣ ቁመቱ አባቱን ነው። እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሜ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ቃል እየጠፋኝ ነበር።

ሰምቶ ሲጨርስ፣ «አባባ ለእኛም አልነገሩንም» አለ። «እኛም ጥፋተኛ ናቸው ብለን ነው የቀበርናቸው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እማማ ጥሩነሽ ምርኩዛቸውን ደገፍ ብለው፣ «ልጄ፣ አባትህን ከበር መልሼአቸዋለሁ። አንተ ከፈቀድክ ልግባ» አሉት። ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ሚስቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በሳህን አቀረበች። እማማ ጥሩነሽ ጥርስ የላቸውም፤ ቀስ እያሉ፣ አፋቸው ውስጥ እያሟሙ፣ የተሰጣቸውን ሁሉ በሉ። ለእኔም ሰጡኝ። ድርሻዬን ይዤ እሳቸው ሲበሉ አየኋቸው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ አልተሻሻለም። ተናግሬ ቀለለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አላምነውም። ያ ድምፅም ይመጣል፣ ትናንትናም መጥቷል። ግን እማማ ጥሩነሽ በግንቦት ሲያርፉ ቀብር ላይ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ የኦቦ ቱፋ ልጅ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ ቆሜ እሱን ሳየው፣ ይህን እርቅ ከሠላሳ ዓመት በፊት ማድረግ ይቻል እንደነበር ገባኝ፤ ኦቦ ቱፋ ራሳቸው አስከሬን መሸከም በሚችሉበት ጊዜ።