ከስብሰባ ያስወጣኝ በሽታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን ነው። ቀይ ሽብሩ በርዶ ፍርሃቱ ግን ገና ያልበረደበት ጊዜ ነበር። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም አልረሳሁትም። ዛሬ በሕይወት ያለሁት ክፉ ባሰበብኝ ሰው ምክንያት ነው፤ ሰውዬውን ግን ይህን ላሳምነው አልቻልኩም።

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጉለሌ ውስጥ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ተደራጅተን የአብዮት ጥበቃ ካኪ እንሰፋ ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ሁለት ሴት ልጆቻችንን ታሳድጋለች።

ሕመሙ የጀመረኝ እንደ ቀልድ ነው። መጸዳጃ ቤት ስገባ ደም አያለሁ። ሆዴ አንድ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይለቃል። ወጥቼ ገና ቀበቶዬን ሳልቆልፍ እንደገና ና ይለኛል። ለዘነበች እንኳ መናገር አፈርኩ። ራስ ምታት ቢሆን ለጎረቤት ሁሉ አወራ ነበር፤ የዚህን ቦታ ሕመም ግን ለማን ይናገሩታል?

ሲብስብኝ ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ የሚያክመው ድሬሰር ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«በቃ፣ ኪንታሮት ነው። መቀመጥ ታበዛለህ።»

የሚቀባ መድኃኒት ሰጠኝ። በሁለተኛው ጊዜ አሜባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። በሦስተኛው ደግሞ ኪንታሮትም አሜባም ነው አለና ሁለቱንም ሰጠኝ። ሦስቴ ስመላለስ ሱሪህን አውልቅና ልይህ ያለኝ ሰው የለም። እኔም በልቤ ተመስገን እል ነበር። አለመታየቴን እንደ ውለታ ቆጠርኩት።

ሱሪ ካነሳን አይቀር፣ በዚያ ዓመት የራሴን ሱሪ ሦስት ጊዜ አጥብቤአለሁ። ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር የነበረው ወገቤ ሰባ ስድስት ገባ። የሰው ልክ ስወስድ ግማሽ ሴንቲ የማልስት ሰው፣ የራሴ ሲያልቅ እያየሁ «ጾሙ ነው» ብዬ አለፍኩት። ፋሲካ አልፎ ክትፎ እየበላሁ እንኳ ጾሙ ነው እል ነበር።

እሑድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። ሊቀ መንበራችን ጓድ ንጉሤ ይባላል። ነገሥታትን ሲያወግዝ ውሎ በዚያ ስም ሲጠሩት አቤት የሚል ሰው ነበር። ንግግር ከጀመረ ሦስት አራት ሰዓት ይሄዳል። እኔ ደግሞ ያን ያህል መቀመጥ አልችልም። ሹልክ ብዬ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

አንድ እሑድ ለአራተኛ ጊዜ ስመለስ ንግግሩን አቋረጠ።

«ጓድ አየለ፣ እዚያው ቁም።»

ቆምኩ።

«ጓዶች» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ስለ ጭሰኛ ሳወራ ጓድ አየለ ይወጣል። ስለ ወዛደር ሳወራ ይወጣል። አሁን ስለ ኢምፔሪያሊዝም ልጀምር ስል ቀበቶውን ሲነካካ አየሁት። ይህ ምን ያሳያል?»

ነገሩ የሚያስቅ ነበር፤ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ዘነበች ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ አየኋት።

«አሞኝ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ምንህን?»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየኛል። «ሆዴን» አልኩ።

«ሆዱን ያመመው ሁሉ ስብሰባ ረግጦ ከወጣ አብዮቱን ማን ይጠብቀዋል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ማህተም ያለው የሐኪም ማስረጃ ካላመጣህ ጉዳይህ በሌላ መልክ ይታያል!»

ጉዳያቸው በሌላ መልክ ከታየባቸው የሰፈራችን ሰዎች አንዳንዱ ከርሞ ተመልሷል። አንዳንዱ ግን አልተመለሰም።

በማግስቱ ድሬሰሩ ዘንድ ሮጥኩ። ነገሩን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «የእኛ ማህተም ለእንዲህ ያለ ከባድ ነገር አይሆንም» አለና ወደ ሆስፒታል መሸኛ ጻፈልኝ። ደም ሲፈሰኝ ከርሜ ያላገኘሁትን መሸኛ ለስብሰባ ብዬ አገኘሁት።

ሆስፒታሉ ሁለት ቀን ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ውጭ የቆመው ሰልፍ ግቢውን ሞልቶታል።

«ምንህን ነው?»

«ኪንታሮት ነው ብለውኛል። ለቀበሌ ማስረጃ ፈልጌ ነው።»

ጻፈ፣ ማህተም አስመታልኝና ሰጠኝ። ማህተሙ ክብ ነው፣ ሐምራዊ ነው፣ ጥርት ብሏል። ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እፍ እያልኩበት ወጣሁ። የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ሆዴን ቆረጠኝ። መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ደሙ ከወትሮው ሁሉ በለጠ። ወረቀቱን የማስቀምጥበት ደረቅ ቦታ ስላጣሁ በጥርሴ ነክሼ ሱሪዬን ስታጠቅ አንድ ነገር ታየኝ። ይህ ወረቀት ሊቀ መንበሩን ያረካዋል፤ ደሙን ግን አያቆመውም። በሚቀጥለው እሑድ ነጻ ሰው እሆናለሁ። እስከ መቼ እንደምቆይ ግን ማንም አላየልኝም።

ተመለስኩ። ሰልፈኛው «ተራህን ጠብቅ!» እያለ ሲጮህብኝ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። በሕዝብ ፊት ሰው ሲናገር የሰማሁት በቀበሌ ስብሰባ ብቻ ነው። ስለዚህ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ዶክተር፣ ሒስ አለኝ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ተቀምጦ የነበረውን ታማሚ በትሕትና አስወጣና በሩን ዘጋ።

«ከየት ነው የመጡት?» አለኝ። ከአምስት ደቂቃ በፊት አንተ ያለኝ ሰው!

«ከቀበሌ።»

«ቀበሌው ነው የላከዎት?»

«አዎ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ይበልጥ ደነገጠ። የሥራ ሁኔታ ሊቆጣጠር የተላከ ካድሬ መስዬው እንደ ነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ግን ድንጋጤውን እንደ አክብሮት ወስጄው ድፍረቴ ጨመረ።

«ሳያዩኝ ነው የጻፉት» አልኩት። «ዓመት ሙሉ ሁሉም ሳያየኝ ነው የሚጽፈው። ወገቤ አሥራ ሁለት ሴንቲ ቀንሷል፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልክ አልሳሳትም። ከሰገራዬ ጋር ደም ይወጣኛል። ስጨርስ ያልጨረስኩ ይመስለኛል። ኪንታሮት ከሆነ አይተው ኪንታሮት ይበሉኝ። ሳያዩኝ ግን ከዚህ አልወጣም።»

የዓመት እፍረቴን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

«ሱሪዎን ዝቅ አድርገው በጎንዎ ይተኙ» አለና ጓንት አጠለቀ።

ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ምርመራ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጣቱ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። ደግሞ ነካው። ተነሥቼ ሳየው ከፊቱ ላይ ያ ፍርሃት ጠፍቷል። ያዘነ ፊት ሆኗል። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና ለሁለት ቀደደው።

«ኪንታሮት አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። «ይህ እብጠት ነው። ደግ አደረጉ የተመለሱት።»

ከእብጠቱ ላይ ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረ። የአንጀት ካንሰር ሆነ። ለቀበሌው ደግሞ «በከፍተኛ ምርመራ ላይ ይገኛል» የሚል ሌላ ወረቀት፣ ከሁለት ማህተም ጋር ጻፈልኝ።

ለዘነበች የነገርኳት ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ነው። አላለቀሰችም። ትከሻዬን በቡጢ መታችኝና «ዓመት ሙሉ! አብሬህ እየተኛሁ! እኔ ምንህ ነኝ?» አለችኝ። ለቅሶዋ የመጣው በኋላ ነው።

ለቀዶ ሕክምና አልጋ የሚገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው ተባልን። ሐኪሙ ጠጋ ብሎ፣ «በየጠዋቱ እየመጡ አልጋ የሚሰጠው ክፍል በር ላይ ይቀመጡ። ዝም ብለው ይታዩ። እንዳያፍሩ» አለኝ። እፍረቴን ዋጥኩት። ሳምባውን እንደሚያመው ሰው ጋቢ ተከናንቤ በየጠዋቱ ሄድኩ። እኔ የደከመኝ ዕለት ዘነበች በእኔ ቦታ ትቀመጣለች። የክፍሉ ጸሐፊ በመጀመሪያው ሳምንት ተቆጣችን፣ በሁለተኛው ሰላም አለችን፣ በሦስተኛው አልጋ ሰጠችን።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቀዶ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገሩን አስረዳን። የታመመው አንጀት ይወጣል። የታችኛው በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሰገራዬ ዕድሜ ልኬን የሚወጣው ሆዴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ በኩል ነው። ራሴን ይዤ ቀረሁ። ሰው ምን ይለኛል? እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ? አልፈልግም ልል አፌን ስከፍት ዘነበች ቀደመችኝ።

«አንተ ኑርልኝ እንጂ በፈለገው በኩል ይውጣ!»

ቀዶ ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ፈረምኩ።

ሰገራውን የሚቀበል ከረጢት በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሆስፒታሉ የሰጠኝ ይንሸራተታል፣ ያፈሳል። ማልቀስም ሞክሬ ነበር፤ አልጠቀመኝም። ከዚያ ከካኪ ቁራጭ ቀበቶ ሰፋሁለት፤ ከውስጥ ፕላስቲክ፣ ከውጭ ቁልፍ። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኝ አራተኛው ልክ መጣ። ቁስሌን ታጥብልኝ የነበረችው ሲስተር አይታ ገረማት። እንደ እኔ የተደረገ ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ትልከው ጀመር። ሰዎቹ ገብተው አንገታቸውን ሲደፉ ሸሚዜን ገልጬ አሳያቸዋለሁ፤ ያኔ ቀና ይላሉ።

ከአራት ወር በኋላ ወደ እሑዱ ስብሰባ ተመለስኩ። ጓድ ንጉሤ ማስረጃዬን በሕዝብ ፊት ማንበብ ጀመረና «ካንሰር» የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያም ጓድ አየለ ከእንግዲህ በር አጠገብ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። በጭብጨባ ጸደቀ።

ምን ዋጋ አለው! አሁን መውጣት አያስፈልገኝም። አራት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳልል የምቀመጥ ከአዳራሹ እኔ ብቻ ሆንኩ። ጤነኞቹ ሲቁነጠነጡ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ስለ ኢምፔሪያሊዝም እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። በዓመቱ መጨረሻ በስብሰባ ዲሲፕሊን ምስጉን ተብዬ ስሜ ተነበበ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓድ ንጉሤ ራሱ በሒስ ተመትቶ ወረደ፤ ታስሮም ወጣ። አንድ ቀን ዊንጌት ታክሲ መቆሚያ ላይ አየሁት። ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶበታል። ሰላም የሚለው አልነበረም። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያለ እሱ ቁጣ እዚያ ሆስፒታል እንደማልሄድ አውቅ ስለነበር ተጠጋሁት።

«ንጉሤ፣ እግዜር ይስጥህ» አልኩት። «ያን ቀን በሕዝብ ፊት ባታዋርደኝ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበር።»

ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አየለ፣ በወደቀ ሰው ላይ እንዲህ አይቀለድም።»

«ኧረ እየቀለድኩ አይደለም! ወላሂ!» ብዬ ይባስ አበላሸሁት። ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ስል ጭራሽ ማሾፌ መሰለው። የቆመው ታክሲ ወደ ሸጎሌ የሚሄድ ነበር። ቤቱ እዚያ አለመሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ገባና በሩን ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ንጉሤን እወደዋለሁ ማለት አልችልም፤ በእሱ ቃል የተወሰዱ ሰዎችን አውቃለሁ። ነገር ግን ዘነበች አጠገቤ ተቀምጣ ስታንጎላጅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ እናደዳለሁ፣ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ በሕይወቴ ከልቤ የሰጠሁትን አንድ ምስጋና ዛሬም ስድብ ነው ብሎ ይዞት ይዞራል።